ድምጿ ቀድሟት ሥራ የገባባት ሴት

በአውቶቡስ መናኸሪያው እሷን በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ቢኖር የደመወዝ ክፍሉ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ከሾፌር እስከ ጠራጊ፣ ጡሩንባ ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አንድ ሾፌር ነው። መሪው ላይ ተደፍቶ ሲያንኮራፋ በድምፅ ማጉያው ብትጠራው፣ ደንግጦ ቀና ሲል ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር አላተመ። «ይቺ ሴት ናት ወይስ ጡሩንባ?» አለ እብጠቱን እያሻሸ። እብጠቱ ጠፋ፣ ስሙ ቀረ። እሷም አልከፋትም። «ፉጨት ቢሉኝ ነበር የሚከፋኝ» ትላለች።

ክፍሏ ከመቆሚያዎቹ በላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት፣ ሦስት ጎኑ መስታወት የሆነ ጠባብ ሳጥን ነው። ማይክሮፎኑ ስፖንጁ ተበልቶ ካለቀ ወዲህ ጓደኛው የጠፋበትን የሱፍ ካልሲ ለብሷል። ማጉያው ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። እሷ እዚያ ቁጭ ብላ አውቶቡስ ብቻ አትጠራም፤ አገር ታስተዳድራለች።

«የሐይቁ አውቶቡስ ከቁጥር ሦስት ሊነሳ ነው! ባለ ቀይ ሹራቡ፣ አዎ አንተ፣ ዞር ዞር አትበል፣ ሻይህን ጨልጠውና ሩጥ! የወደቡ ሾፌር፣ ሚስትህ ምሳህን ይዛ በር ላይ ቆማለች፣ ዛሬም ረስተኸዋል! እናት፣ ቦርሳሽ ተከፍቷል!»

መናኸሪያው በሙሉ ይስቃል። አውቶቡስ ያመለጠው ሰው እንኳ እየሳቀ ነበር የሚናደደው።

ባል አላገባችም፤ ጊዜ አልነበራትም። እናታቸው ስትሞት ታናሽ እህቷ ገና ዳዴ የምትል ነበረች፤ እሷን አዝላ አሳደገች፣ ፀጉሯን ጎነጎነች፣ አስተማረች። ሚጢጢ ብላ የጠራቻትም እሷ ናት። አሁን ሚጢጢ የሚለው ስም የሚስማማት ከተራራ አጠገብ ስትቆም ብቻ ነው፣ ግን ማን ደፍሮ ይለውጠው። እዚያው መናኸሪያ ውስጥ፣ ቲኬት መስኮት ቁጥር አንድ ላይ ያስገባቻትም ጡሩንባ ነች። ሚጢጢ ግን ኮንትራት ሠራተኛ ነበረች። ኮንትራቱ ባለቀ ቁጥር የመናኸሪያው ኃላፊ ቢሮ በር ላይ ቆማ ትለማመጣለች። ኃላፊውን ኮሌታ ነው የሚሉት፤ የሸሚዙ አንገት ከመድረቁ የተነሳ ዞር ማለት ሲፈልግ ከነወገቡ ነው የሚዞረው። ቋሚ ሠራተኛ ሰማያዊ ኮት ይለብሳል፣ ኮንትራት ደግሞ ግራጫ። ሚጢጢ ግራጫውን እንደ በሽታ ነበር የምታየው።

ታዲያ አንድ ቀን የጡሩንባ እምብርት አበጠ። ሄርኒያ ነው ተባለ። ያ ስም ያወጣላት ሾፌር ሲሰማ፣ «ስትጮሂ ስትጮሂ አንጀትሽ ‹ምን ሆናለች ይቺ ሴትዮ› ብሎ ሊያይ ወጣ» አላት። በቀዶ ሕክምና ይመለሳል ተባለ። እሷን እምብርቷ አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት ጉሮሮዋ ነው። የጎረቤቷ ባል ቀዶ ሕክምና ገብቶ ሲወጣ ድምፁ እንደ አሸዋ ሻክሮ እንደነበር ሰምታለች። «እንግዲህ ሄርኒያዬን ይዤ እኖራለሁ» አለች፣ «ድምፄን ይዤ ልሙት!»

ሐኪም ቤት ውስጥ ያሳመናት የማደንዘዣ ባለሙያው ነው። ቀጭን፣ ከሰው አገር የመጣ፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ ሲናገር ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ የሚመስል ሰውዬ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሲተኙ ትንፋሽዎን የሚጠብቅልዎ ነገር ያስፈልጋል፣ እናት። የተለመደው ቱቦ ነው። በማንቁርትዎ በኩል፣ በሁለቱ የድምፅ ክሮች መካከል አልፎ ይገባል።»

«በመካከላቸው?»

«በመካከላቸው።»

«የእንጀራ ገመዴ ላይ ቱቦ ልትጎትትብኝ!»

ሰውዬው ሳቁን ዋጠና ከኪሱ ታሽጎ የተቀመጠ ነገር አወጣ። ለስላሳ፣ አፉ እንደ ማንኪያ ሰፋ ያለ፣ ዙሪያው በአየር የሚነፋ። «ሌላው ይሄ ነው። የማንቁርት ጭምብል ይባላል። እንደ ቱቦው በክሮቹ መካከል አያልፍም፤ ከማንቁርቱ በላይ እንደ ትራስ ያርፋል፣ ትንፋሽ በሱ ውስጥ ያልፋል።»

«ታዲያ ምን ታስለፋኛለህ? እሱን አድርግልኛ!»

«ጥናት ላይ ነን። አስተማሪ፣ ዘፋኝ፣ እንደ እርስዎ በድምፃቸው የሚኖሩ ሰዎችን ነው የምናጠናው። ለድምፅ ጭምብሉ ይሻላል ብለን እንገምታለን፤ ግምት ግን እውቀት አይደለም። ስለዚህ ለማን ቱቦ፣ ለማን ጭምብል የሚለው በዕጣ ነው። ከገቡበት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ድምፅዎን እንቀዳለን። የምንቀዳው ከጥናቱ አይወጣም። የትኛውም ቢደርስዎ ግን ከራስዎ አልለይም። ቃሌ ነው።»

ከዚያ አንድ የሚያስገርም ነገር ነገራት። የማንቁርት ዋና ሥራው ድምፅ አይደለም አላት። ዘበኛ ነው። ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ እንዳይገባ በሩን ይጠብቃል። ድምፅ ትርፍ ሥራው ነው።

«እኔ ዕድሜ ልኬን የኖርኩት በዘበኛው ትርፍ ሥራ ነው በለኛ!»

«ሲተኙ ዘበኛውም ይተኛል። ለዚህ ነው ሆድዎ ባዶ መሆን ያለበት፣ ለዚህ ነው እኔም የማልተኛው።»

ያን ቀን አስተኚው የሚል ስም አወጣችለት። ፈርማ ገባች፤ በዕጣው ጭምብሉ ደረሳት።

በማግስቱ አስተኚው ትንሽ መቅጃ ይዞ መጣ። «ልቅዳ?» ብሎ ጠየቀ፣ ፈቀደች። መጀመሪያ ረጅም «ኣ» አስባላት፣ ቀጥሎ የፈለጉትን ይናገሩ አላት። የፈለገችውን! ሚጢጢ ለአስታማሚነት አጠገቧ ተቀምጣለች፣ በክፍሉ ያሉ በሽተኞች በሙሉ ጆሯቸውን ቀስረዋል። ጡሩንባ ትራሷን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ የመናኸሪያውን መስመር አንድ በአንድ ጠራችው። የሐይቁን፣ የወደቡን፣ የፋብሪካውን፣ የድንበሩን። በየመሐሉ አልጋ ላይ ያሉትን ትነካካለች፤ ግሉኮስ የተተከለለትን ሽማግሌ «ቧንቧህን ነቅለህ ተሳፈር» ስትለው ሰውዬው ሲስቅ ስፌቱን ይዞ ተንሰፈሰፈ። ሚጢጢ ስልኳን አውጥታ ከመቅጃው አጠገብ ደቅና ነበር።

«ምን ታደርጊበታለሽ?» አለቻት ጡሩንባ።

«ለማስታወሻ ነዋ፣ እታለም። ክፉ አይንካሽና፣ ምናልባት...»

«ምናልባቱን ዋጪው!» አለችና ቀጠለች። ሚጢጢም በእጇ አፏን ይዛ ክክክ ብላ ሳቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትስቀው፤ ሳቁ እንደ ተቀዳደደ ጨርቅ በየመሐሉ ይቆረጣል።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ጡሩንባ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው አስተኚውን ነው። ቃሉን ጠብቋል። «አውቶቡሱ ሄደ እንዴ?» አለችው። ጉሮሮዋ ትንሽ ከመድረቁ በቀር ድምጿ እንደ ድሮው ነው። አስተኚው ፈገግ አለ፤ እሷም እጁን ያዘችና ረጅም ዕድሜ መረቀችው፣ ከልጆቹ ጋር፣ ልጅ እንዳለው እንኳ ሳትጠይቅ።

ችግሩ ሆዷ እስኪድን ድረስ ዕቃ ማንሳትም፣ መጮህም ክልክል ነው። ቤት ተቀመጠች። ሚጢጢ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ሾርባ ይዛ ትመጣለች፣ እግሯን ታሽላታለች፣ የመናኸሪያውን ወሬ ትዘረግፍላታለች።

«በቦታዬ ማንን አስገቡ?»

«አንዲት ልጅ ናት፣ ተያት እባክሽ! እንደ ፍየል ነው የምትጮኸው። ‹የሐይ-ቁ-ቁ-ቁ› ስትል አውቶቡሱ ራሱ ያፍራል። ሰው ሁሉ ጡሩንባ መቼ ነው የምትመጣው ይላል።»

ጡሩንባ በሳቅ ስፌቷን ትይዛለች። አንጀቷን ያራሰው ሾርባው ሳይሆን ያቺ ፍየል ነበረች። አንዳንዴም ታዝንላታለች። «ምስኪን፣ ስመለስ አስተምራታለሁ» ትላለች። ሚጢጢም፣ ልብ በሉ፣ «ያንቺ ደግነት እኮ!» እያለች ትራሱን ታመቻችላት ነበር።

ሐኪሙ አሁን ሥራ መግባት ትችያለሽ ሲላት ለማንም አልተናገረችም። ማስደንገጥ ነው ያማራት። ጧት ተነስታ ጥሩ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጣል አደረገችና በእግሯ ሄደች። የመናኸሪያው በር ጋ ስትደርስ ከላይ ድምፅ ማጉያው ጮኸ።

«የፋብሪካው አውቶቡስ ከቁጥር ሁለት ሊነሳ ነው! ተሳፋሪዎች ግቡ!»

መጀመሪያ እጇን ወደ አፏ ሰደደች። አፏ ተዘግቷል። ከንፈሯን ነካ ነካ አደረገች፤ አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ ግን የሷ ነው፣ ከነአዘፋፈኑ፣ «ግቡ» ስትል ከነሚረግጠው ጉልበቱ።

ሻንጣ ተሸካሚው ፊቷ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሷን አየ፣ ወደ መስታወቱ ሳጥን ቀና አለ፣ እንደገና እሷን አየ። «ጡሩንባ! እዚህ ነሽ? ታዲያ ላይ ያለሽው ማነሽ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጮኸው?»

«አንቺ ከቀረሽ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነዋ! እኛማ ተሽሎሽ የመጣሽ መስሎን። ‹ኮርታለች፣ ሰው መንካት ትታለች፣ ቀልድም የለ› ስንባባል ነበር።»

ደረጃውን ወጣች። ሳጥኑ ውስጥ ሰው የለም። ወንበሯ ፊቱን ወደ ግድግዳ ዞሯል፣ ትራሷ ላይ አንድ ጥቁር ዕቃ አረንጓዴ መብራት እያበራ ቁጭ ብሏል። ማይክሮፎኑን ካልሲውን አውልቀውታል።

አስተኚው! አለች በሆዷ። ደሟ ፈላ። ያ ድምፁ የተለሳለሰ ሰውዬ ከጥናቱ አይወጣም ብሎ ምሎ፣ ቀድቶ ሸጠኝ! የሰው አገር ሰው መሆኑ ደግሞ ነገሩን አቀለለላት፤ ባዕድን መጥላት ምን ያስቸግራል። ወደ ሐኪም ቤት ልትሄድ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። መሐል ላይ ስትደርስ ማጉያው እንደገና ጮኸ።

«የሐይቁ አውቶቡስ ከቁጥር ሦስት ሊነሳ ነው! ተሳፋሪዎች ግቡ! ክክ—»

ተቆረጠ። ቆራጩ መቀሱ ትንሽ ዘግይቶበታል። ከሷ ድምፅ ኋላ፣ በጣም ቅርብ፣ መቅጃው አፍ ላይ የተነፈሰ የሚመስል ግማሽ ሳቅ። ያን ሳቅ መናኸሪያው በሙሉ የጡሩንባ ነው ብሎ ኖሯል። እሷ ግን ያን ሳቅ ሚጢጢ ዳዴ ስትል ጀምሮ ነው የምታውቀው።

የደረጃውን የብረት መደገፊያ ይዛ ቆመች። የሚቀጥለውን ጥሪ ጠበቀች፤ ተሳስቼ ይሆናል ብላ። ከዚያም ሌላውን። የሐይቁ መስመር በመጣ ቁጥር ሳቁ ነበረ።

ቲኬት መስኮት ቁጥር አንድ ፊት ሰው ተሰልፏል። ሰልፉን አልፋ መስታወቱ ጋ ቆመች። ሚጢጢ ቀና ስትል ፈገግታው ከፊቷ ላይ ለመውጣት ጊዜ አላገኘም።

«እታለም! ምነው ሳትነግሪኝ...»

ሰማያዊ ኮት ለብሳለች። አዲስ ነው፣ የእጁ እጥፋት ገና አልተፈታም።

«ኮቱ አማረብሽ» አለች ጡሩንባ።

«እሱ... ልነግርሽ ነበር፤ ስትድኚ ብዬ እኮ ነው...»

«ፍየሏስ የታለች?»

«የምን ፍየል?»

«ልጅቷ። የሐይ-ቁ-ቁ-ቁ የምትለዋ።»

ከሰልፉ አንዱ፣ «እህት፣ ቲኬቴን!» አለ፤ ማንም አልሰማውም።

«ኮሌታ ነው» አለች ሚጢጢ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «‹የጠሪዋ ቦታ ከታጠፈ አንቺን ቋሚ ማድረግ እችላለሁ› አለኝ። ለኔ ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሚባለው? አንቺ እኮ ጡረታሽ ደርሷል፣ እታለም። ሥራም ለቀሽ ታርፊ ነበር። አንቺ ደግሞ ለኔ የማትሰጪኝ ምን ነገር አለ?»

ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር! ይህን ነው ልትጮህባት የፈለገችው። ማጉያ በሌለበት፣ ሆዷ ቢቀደድም ይቀደድ፣ መናኸሪያው እስኪሰነጠቅ። አፏን ከፈተች። ግን ዕንባና ንዴት በአንድ በር ሊወጡ ተጋፍተው በሩን ዘጉት። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ሹክሹክታ፣ ያውም የሻከረ።

የሚጢጢ ፊት ዓመድ መሰለ። «ድምፅሽ! እታለም፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

ጡሩንባ አየቻት። በዚያ ጧት ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷ ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ገባ። እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች፣ ራሷን በዝግታ ነቀነቀች፣ ዞራ ሄደች። ከጀርባዋ ሚጢጢ መስኮቱ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ተሰማ፤ ከላይ ደግሞ ጡሩንባ ራሷ የወደቡን መንገደኛ እያጣደፈች ነበር።

ከዚያ በኋላማ ወሬው ክንፍ አወጣ። ጡሩንባ ቤቷ ተቀምጣ በሹክሹክታ ብቻ የምትነጋገር ሆነች። ወተት ሻጩ ጋ በሹክሹክታ፣ ጎረቤት ጋ በሹክሹክታ። ሰው ደግሞ ሲንሾካሾኩበት ሳያስበው ይንሾካሾካል፤ ሰፈሩ በሙሉ ሌባ የሚጠብቅ መሰለ። «ጉሮሮዋ ውስጥ ጭምብል ከተቱባት፣ ሲያወጡት ድምጿን ይዞ ወጣ» ተባለ። «ጭምብሉን ረስተውት ነው፣ እስካሁን ውስጥ አለ» ያሉም ነበሩ። መናኸሪያው ውስጥ ድምጿ በማጉያው ሲመጣ ኮፍያቸውን የሚያወልቁ ሾፌሮች ተገኙ፤ ሴትዮዋ በሕይወት እያለች ተዝካሯን እየሰሙ። እሷ ይህን ሁሉ ስትሰማ በር ዘግታ፣ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ፣ በሙሉ ድምጿ ትስቃለች። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ይዞርባትና ትራሱ ይረጥባል። ሾርባ የሚያመጣላት የለማ። ሚጢጢ በር ስታንኳኳ አትከፍትም።

የመናኸሪያው ነገር ደግሞ ተበላሸ። የቁጥር ሦስት መቆሚያ አስፋልት ሊታደስ ተቆፈረ፣ የሐይቁ አውቶቡስ ወደ ቁጥር አምስት ዞረ። ያ ጥቁር ዕቃ ግን ዓይን የለው፤ ሰውን ሁሉ ከቁጥር ሦስት፣ ከቁጥር ሦስት እያለ ወደ ጉድጓዱ ይልካል። የአንዱ ሻንጣ ገባ፤ ሰውዬው ሊያወጣ ገባ። አውቶቡሱ ባዶውን ሄደ። ሕዝቡ ቢሮ ድረስ ሄዶ ኮሌታን አዋከበው።

ኮሌታ ብርቱካን ተሸክሞ ቤቷ መጣ። ከነወገቡ ወደሷ ዞረ።

«እንደምን ነሽ» አለ፤ እሱም በሹክሹክታ።

«ተመስገን» አለች በሹክሹክታ።

«አንዲት ቃል ብቻ። ‹ከቁጥር አምስት›። ሌላውን የኮምፒውተር ልጆቹ ይቀጣጥሉታል።»

«አይወጣም።»

«ብትሞክሪው?»

አፏን በሰፊው ከፈተችለት፣ ጉሮሮዋ ድረስ አሳየችው፣ እንደ ደከመ ጎማ ፉስ አለችለት። ኮሌታ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ያን ቀን ሚጢጢን ጠርቶ፣ የእህትሽ ድምፅ ካልተመለሰ አዲስ ጠሪ መቅጠሬ ነው፣ ያኔ ያንቺ ቋሚነት ቀረ አላት። ሰማያዊው ኮት ሊወልቅ ነው ማለት ነው። ሚጢጢ ይሄን ጊዜ ነው ወደ ሐኪም ቤቱ የሮጠችው። ኮሪደሩ መሐል ቆማ «የእህቴን ድምፅ በላችሁ!» ብላ ጮኸች። በቤተሰቡ ውስጥ ሌላም ጡሩንባ እንደነበረ ያን ቀን ታወቀ። የሐኪም ቤቱ አለቆች ተሰበሰቡ፤ ነገሩ እስኪጣራ ጥናቱ ይቁም ተባለ።

አስተኚው ስልክ ደውሎ ጡሩንባን ለምርመራ ጠራት። መቅረት ትችል ነበር። ለምን እንደሄደች እሷም አታውቀውም፤ ምናልባት ያን ሰሞን «እንዴት ነዎት» ብሎ ከልቡ የጠየቃት እሱ ብቻ ስለነበረ ይሆናል። ከበሩ ፊት ሚጢጢን ኮሪደሩ ወንበር ላይ አገኘቻት፣ ዓይኗ አብጦ። ሳታናግራት አልፋ ገባች።

አስተኚውና የጉሮሮ ሐኪሟ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዋ አስገቡ። ሐኪሟ አይታ፣ የምትጽፈውን ጽፋ ወጣች፤ እሱ ቀረ። ስክሪኑ ላይ የቀረውን ምስል አሳያት። ሁለት ነጫጭ ክሮች፣ እንደ መጋረጃ ተከፍተው።

«እነዚህ ናቸው?» አለች በሹክሹክታ። ያን ሁሉ አውቶቡስ ያስነሱት እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች መሆናቸው ገረማት።

«እነሱ ናቸው። ንጹሕ ናቸው፣ ይንቀሳቀሳሉ። እኔ ምንም ጉዳት አላየሁም።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት ጉንጩ ላይ ወርዷል። «ግን እርስዎ አልወጣም ካሉ አልወጣም ነው። በሽተኛው የሚለውን ነው የምንጽፈው። ድምፅዋን አጣች፣ ጭምብል ነበር ተብሎ ይጻፋል።»

«ከዚያስ?»

«ጭምብሉ ይቀራል። ውጭ አንድ አስተማሪ አሉ፣ ዕጣቸው ጭምብል ነበር፤ አሁን በቱቦ ይገባሉ።» ወደሷ ዞረ። «እናት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቃል ገብቼልዎ ነበር።»

ይህችን ቃል ስንት ቀን ጠብቃለች! ከእህቷ አፍ፣ ከኮሌታ አፍ፣ ብርቱካኑ መሐል ተሸጉጣ እንኳ ብትመጣ ብላ። መጣች፤ ምንም ካላደረገው ሰው አፍ።

«አንተ ይቅርታ አትጠይቀኝ!» አለች።

በሙሉ ድምጿ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው የብረት ትሪ አቃጨለ፣ አስተኚው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። እሷም ጀመረች፤ ስልኩን፣ ሳቁን፣ ፍየሏን፣ ኮቱን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሲያልቅ አስተኚው ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ይስቃል ብላ ነበር፤ አልሳቀም።

«ስንት ቀን እንዳልተኛሁ ያውቃሉ?» አለ።

«አስተኚው እንቅልፍ ሲያጣ አይቼ አላውቅም» ልትል ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። «አጥፍቻለሁ» አለች። «አንተን አስቤ አልነበረም። ይኼን ንገራቸው፣ እኔም እነግራቸዋለሁ፤ እዚሁ ሆኜ ብጮህ ራሱ ይሰሙኛል።»

በሩ ተበረገደ። ሚጢጢ ናት። «ድምፅሽ! የእታለም ድምፅ!» ብላ ተጠመጠመችባት፣ ጉንጯን፣ አንገቷን ሳመቻት፣ አለቀሰች። ጡሩንባ እጇ ሳታዝዘው ተነስቶ የእህቷን ጀርባ ዳበሰ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደ እጅ ነው። ከዚያ ሚጢጢ ቀና አለች። «ለካ ስታሾፊብኝ ነበር! እኔ በጸጸት ሳልቅ!»

«አልቀሽ ነበር?»

«እንዴታ! እህል አልገባ ብሎኝ!» ዓይኗን በሰማያዊው እጅጌ ጠረገች፣ ተነፈሰች፣ ፊቷ በራ። እጇ ኪሷ ገባና ስልኳን ይዞ ወጣ። «በይ አሁን፣ ኮሌታ ቢሰማ እንዴት ደስ ይለዋል! እዚሁ አንዴ ‹ከቁጥር አምስት› በይልኝ። ሌላ አልፈልግም። ሁለት ቃል ናት፣ እታለም።»

ጡሩንባ ስልኩን አየችው። ከዚያ እህቷን አየቻት።

«ሌላ የምትይኝ ነገር ያለ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ምን?»

«እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

«ይቅርታ ነው? እሺ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ!» አለች ሚጢጢ። «በይ እንግዲህ...» ስልኩ እንደተደቀነ ነው። ቀይዋ ነጥብ በርታለች፤ ይቅርታው ራሱ እየተቀዳ ነበር።

ጡሩንባ የእህቷን እጅ ይዛ ቀስ ብላ ስልኩን ወደ ታች አወረደችው። አልጮኸችም። «ውጪ፣ ሚጢጢ» አለች። «ኮትሽ እንዳይጨማደድ ተጠንቅቀሽ ውጪ።»

ሚጢጢ እህቷ የምትስቅ መስሏት ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም፤ ጡሩንባ ተነስታ ዘጋችው።

አስተኚው የት እንደሚያይ ጠፍቶት ስክሪኑን ያጠፋል፣ ያበራል። በመጨረሻ ከመሳቢያው ትንሿን መቅጃ አወጣና በእጁ ይዟት ቆየ። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚቀዳው ይቀረን ነበር» አለ። «ካልፈለጉ ይቅር። እረዳዎታለሁ።»

ጡሩንባ መቅጃዋን ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ከአንድ እስከ አስር እቆጥርልሃለሁ» አለች። «ከዚያ በላይ ከኔ ቃል አይገኝም።»

«ይበቃል። ልቅዳ?»

«ቅዳ።»

ቆጠረች። ያለ ቀልድ፣ ያለ ዜማ፣ ማንንም ሳትጠራ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። አስር ብላ አፏን ገጠመች። አስተኚው መልሶ አዳመጠው፣ ጆሮውን አስጠግቶ እንደገና አዳመጠው።

«ጥርት ያለ ነው» አለ። «ዘጠኝ ላይ ግን ይንቀጠቀጣል። ዘጠኝ ላይ ምን ሆነ?»

ጡሩንባ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠቀለለች።

«እሱ ከጭምብሉ አይደለም» አለች። «እሱን አትጻፈው።»